የመሬት ስበት እስከ የት ይደርሳል?



«ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ለምን ተመልሶ ይወድቃል?» ተብሎ ቢጠየቅ ዛሬ ብዙ ሰው «መሬት ስለምትስበው ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ትክክል ነው። «መሬት የምትስበውስ እስከ የት ድረስ ነው?» ሲባል ግን መልሱ ይለያያል። አንዱ ደመናውን ያሳያል። ሌላው «አየሩ እስከሚያልቅበት ነው» ይላል። አንገቱ ላይ በማታው ትምህርት ይህን ጥያቄ አንስተን «አያልቅም» ብሎ የመለሰ አንድም ሰው አልተገኘም። እውነቱ ግን ይኸው ነው። የመሬት ስበት እየራቁ ሲሄዱ ይሳሳል፣ ይደክማል እንጂ «ከዚህ ወዲያ የለም» የሚባልበት ድንበር የለውም።

ይህን በጆሮ መስማት ቀላል ነው። ልብ ግን ቶሎ አይቀበለውም። ልብ ለምን እንደማይቀበለው ስንመረምር ስበት ራሱ ምን እንደሆነ እየገባን ይሄዳል።

መጎተትን የምናውቀው በእጃችን ነው። በሬ ሞፈሩን የሚጎትተው ቀንበርና ምራን ስላለ ነው። ምራኑ ከተበጠሰ በሬው ይሄዳል፣ ሞፈሩ እዚያው ይቀራል። በሐረና ጫካ ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ የሚወጣው በገመድ ነው። ገመዱ ካጠረ ቀፎው አይወጣም። ስለዚህ ያለ ገመድ የሚጎትት ነገር አለ ሲባል ሰው ይጠራጠራል። ሩቅ ይደርሳሉ የምንላቸውም ነገሮች ቢሆኑ ማለቂያ አላቸው። ጥሪ ከጋራው ማዶ አይሰማም። የሚቆላ ቡና ሽታ ጎረቤት ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ ግን የለም። ፀሐይን እንኳ ጣራ ይከልላታል። ስበትን ግን የሚከልል ጣራ፣ የሚያግድ ግድግዳ አልተገኘም። ሶፍ ዑመር ዋሻ የገባ ሰው ያ ሁሉ ድንጋይ በዙሪያው ቆሞ ሳለ ከስበት አይጠለልም።

ደግሞም ክብደት የዕቃው የራሱ ጠባይ ይመስለናል። አንድ ኩንታል ጀንፈል አንገቱ ላይ ጭነን ጎባ ብናራግፈው ኩንታል ነው። አዲስ አበባም ብንወስደው ኩንታል ነው። እንግዲያው ክብደቱ ከቡናው ጋር አብሮ የሚሄድ ነው እንላለን። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ክብደት ማለት መሬት ያንን ዕቃ የምትስብበት ጉልበት ነው። ከመሬት እምብርት በራቅን መጠን ይቀንሳል። ያንኑ ኩንታል ይዘን በሪራ በኩል ሽቅብ ወጥተን፣ የሰነቴን አምባ አቋርጠን፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ ማለትም ከባሕር ወለል በላይ 4,377 ሜትር ላይ ብንመዝነው አንገቱ ከነበረው የሚጎድለው ከ100 ግራም አይበልጥም። ለአንድ ጀበና የሚቆላ ቡና ያህል ነው። እሱንም የሚያሳየው በጣም ደኅና የሆነ ባለ ሞላ ሚዛን ነው። ባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን ምንም አያሳይም። ቡናው ሲቀል በሌላው ሳህን ያለው የሚዛን ድንጋይም እኩል ይቀላላ! (ከኩንታሉ ላይ ሁለትና ሦስት ኪሎ ጎደለ ከተባለ ግን ይኼ የስበት ሥራ አይደለም። ሚዛኑን ወይም መዛኙን መመርመር ነው።)

ያን ሁሉ ዳገት ወጥተን የጎደለው ይህችው ብቻ የሆነችው ርቀቱ የሚቆጠረው ከእግራችን ሥር ስላልሆነ ነው። የሚቆጠረው ከመሬት እምብርት ነው። ከመሬት ገጽ እስከ እምብርቷ 6,371 ኪሎ ሜትር አለ። ሰነቴ ላይ ትንፋሽ ያጥረናል፣ ብርዱ ይገርፈናል፣ ሰማይን የነካን ይመስለናል። በ6,371 ላይ የጨመርነው ግን አራት ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ስበቱ በምን ልክ ነው የሚቀንሰው? ማታ በኩራዝ የሚያነብ ሰው ይህን ያውቀዋል። ኩራዙ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሳለ አንድ የደብተር ገጽ የሚሞላ ብርሃን ብንወስድ፣ ያው ብርሃን ሁለት ክንድ ሲርቅ በአራት ገጽ ላይ ይበተናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ የሚደርሰው ሩቡ ነው። ሦስት ክንድ ሲርቅ በዘጠኝ ገጽ ላይ ይበተናል። አሥር ክንድ ሲርቅ በመቶ። ርቀቱን በራሱ ማባዛት ነው። ስበትም በዚሁ ሒሳብ ይሄዳል። ከእምብርቷ ሁለት እጥፍ የራቀ ነገር በሩብ ጉልበት ይሳባል፤ ሦስት እጥፍ የራቀ በዘጠነኛ፤ መቶ እጥፍ የራቀ በአሥር ሺህኛ። እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል እንጂ ባዶ አይሆንም። ኩራዙም ቢሆን ከጋራው ማዶ የማይታየው ብርሃኑ ስላለቀ አይደለም። ያለቀው የዓይናችን አቅም ነው። ስበትን በተመለከተ የምናስበው ድንበርም እንደዚሁ የኛ የስሜታችን ድንበር ነው።

አሁን ወደ አገራችን ሳተላይት እንምጣ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር ወደ ሰማይ ላከች። ስሟ ኢቲአርኤስኤስ-1 ይባላል። 70 ኪሎ ያህል የምትመዝን ስትሆን፣ እርሻን፣ ደንን፣ ውኃን ከላይ ሆና ፎቶግራፍ እንድታነሳ የታሰበች ነበረች። መልእክቷን የሚቀበለው ጣቢያ የተሠራው እንጦጦ ተራራ ላይ ነው። የተላከችበት ከፍታ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

ይህን ስናወራ አንድ አባት እንዲህ አሉ፦ «እንግዲህ ልጄ፣ ይቺ ሳተላይት ከስበቱ ድንበር ወጥታለች ማለት ነው። ባትወጣማ ኖሮ ተመልሳ ትወድቅ ነበር።»

«አይ አባባ፣ አልወጣችም። ወጥታ ቢሆን ኖሮ ነው የምትጠፋብን» አልኳቸው።

የእሳቸው አስተሳሰብ ግን ሞኝነት አይደለም። ብዙ የተማረ ሰውም እንዲሁ ያስባል። ከሮቤ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሳተላይቷ ከፍታ ከዚህ መንገድ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ነው። ለመንገደኛ ሩቅ ነው፤ ለመሬት ግን የጓሮዋ ያህል ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ስበቱን ብንሰላው እዚህ ከምናውቀው ከመቶ እጅ ሰማንያ በላይ የሚሆነው አልጎደለም።

ታዲያ ለምን አትወድቅም? ወንጭፍ ያነሳ ሰው መልሱን በእጁ ይዞታል። ወንጭፉ ሲዞር ድንጋዩ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ ገመዱ ግን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በሁለቱ መካከል ሆኖ ክብ ይዞራል። አንዱን ጫፍ ሲለቁት ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለሳተላይት የወንጭፉ ገመድ ስበት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ስበት ቢያልቅ ሳተላይቷ እንደተለቀቀ የወንጭፍ ድንጋይ በዚያው ነጉዳ አትመለስም ነበር።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ከእጃችን የተለቀቀ ድንጋይ በመጀመሪያው ሰከንድ አምስት ሜትር ያህል ይወድቃል። መሬት ደግሞ ክብ ናት። ስምንት ኪሎ ሜትር ቀጥ ብለን ብንሄድ ገጿ ከሥራችን አምስት ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እንግዲህ አየር ባይከለክል፣ በአንድ ሰከንድ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ድንጋይ መወርወር ብንችል፣ ድንጋዩ አምስት ሜትር ሲወድቅ መሬትም አምስት ሜትር ትሸሸዋለች። ሲወድቅ ይኖራል፣ መሬት ግን አይደርስም። ሳተላይት ማለት ይኸው ነው። ፍጥነቷ ከጎባ ሮቤ በሁለት ሰከንድ ገደማ የሚያደርስ ነው።

ሰዎችም እዚያ ላይ ይኖራሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚዞር ጣቢያ ውስጥ እየተፈራረቁ ሲኖሩ በቴሌቪዥን ታይተዋል። ሲንሳፈፉ፣ ማንኪያው ሲንሳፈፍ፣ ውኃው ድብልብል ሆኖ ሲንሳፈፍ። ይህን ያየ ሰው «እዚያ ስበት የለም» ቢል አይፈረድበትም። በአሳሳችነቱ ግን ከዚህ የሚስተካከል ምስል ያለ አይመስለኝም። እዚያ ያለው ስበት ከመቶ እጅ ሰማንያ ስምንት ያህሉ ነው። የሚንሳፈፉት ቤታቸውም፣ ማንኪያቸውም፣ እነሱም እኩል ስለሚወድቁ ነው። ከዛፍ ጫፍ ገመዱ የተበጠሰ ቀፎ አስቡ። ቀፎው ውስጥ አንዲት ጠጠር ብትኖር ቀፎው መሬት እስኪመታ ድረስ ጠጠሯ ወለሉን አትጫነውም፤ አብረው እኩል እየወደቁ ነውና። የሰማዩ ጣቢያ መሬት የማይመታ ቀፎ ነው።

ሰው ይህን ሐሳብ የደረሰበት ሳተላይት ከመላኩ ብዙ ዓመት በፊት ነው። አይዛክ ኒውተን የሚባል እንግሊዛዊ ገና የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሳለ፣ ፍሬ ከዛፍ የሚያወርደው ጉልበት ጨረቃስ ዘንድ ይደርስ ይሆን ብሎ አሰበ። ጨረቃ 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ይህም ከመሬት እምብርት እስከ ገጿ ካለው ርቀት ስድሳ እጥፍ ነው። ስድሳን በስድሳ ብናባዛ 3,600 ይሆናል። ስለዚህ ስበት እዚያ ከደረሰ በ3,600 ተካፍሎ መሆን አለበት። እዚህ በአንድ ሰከንድ አምስት ሜትር የሚወድቅ ነገር እዚያ አንድ ሚሊ ሜትር ከሲሶ ብቻ ይወድቃል ማለት ነው፤ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ጨረቃ ደግሞ በአንድ ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። መንገዷ በየሰከንዱ ወደ መሬት ምን ያህል እንደሚጎብጥ ሲሰላ ያው የጤፍ ፍሬዋ ሆኖ ተገኘ! ፍሬውን የሚያወርደውና ጨረቃን ይዞ የሚያዞራት አንድ ጉልበት ነው። ኒውተን ይህን በመጽሐፍ ያወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1687 ነው።

ይሁን እንጂ ኒውተን ራሱ ነገሩ አልተዋጠለትም። አንድ ነገር በመካከል ምንም ሳይኖር ባዶውን ተሻግሮ ሌላውን ይነካል ማለት ማሰብ ለሚችል ሰው የማይዋጥ ነው ብሎ ለወዳጁ በደብዳቤ ጽፏል። ልኩን አገኘ፤ እንዴት እንደሚደርስ ግን አላወቀም። በ1915 አልበርት አይንሽታይን የሚባለው ሳይንቲስት ከባድ ነገር በዙሪያው ያለውን ሥፍራና ጊዜ ራሱን ያጎብጠዋል፣ ሌላው ነገር በጎበጠው ይሄዳል ብሎ አስረዳ። ከዚያም የታወቀ ሌላ ነገር አለ። ስበት የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ነው። ፀሐይ በድንገት ብትጠፋ፣ መሬት ወሬው ሳይደርሳት ስምንት ደቂቃ ያህል መዞሯን ትቀጥል ነበር።

የሚስበው መሬት ብቻ አይደለም። ይህም ለማመን ያስቸግራል። ድንጋይም፣ ዛፍም፣ ሰውም ይስባል። ስልሳ ስልሳ ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች አንድ ሜትር ተራርቀው ቢቆሙ እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ። ጉልበቱ ግን አንዲትን የጤፍ ፍሬ አሥር ቦታ ብንከፍላት የአንዷን ክፋይ ክብደት እንኳ አያህልም። ማን ይሰማዋል? ሄንሪ ካቨንዲሽ የተባለ እንግሊዛዊ በ1798 በቀጭን ሽቦ ትንንሽ የእርሳስ ድብልብሎችን አንጠልጥሎ (ጽሕፈት የሚጻፍበት እርሳስ አይደለም፣ ከባዱ ማዕድን ነው)፣ ትልልቅ ድብልብሎችን በአጠገባቸው አድርጎ መሳሳባቸውን ለካ። የሰውነቱ ሙቀት አየሩን እንዳያናውጠው ክፍሉ ውስጥ አልገባም። ከደጅ ሆኖ በመነጽር ነበር የሚያየው። እንግዲህ ስበት በጣም ደካማ ጉልበት ነው። እኛን የሚያደናግረንም ይኸው ደካማነቱ ነው። አንድ ሙሉ መሬት የሚያህል ነገር ካልተሰበሰበ አይሰማንም፤ ሳይሰማን ግን ይደርሳል።

እዚሁ ከአካባቢያችን የሚነሳ ሌላ ምሳሌ አለ። ከሐረና የሚወርደው የወልመል ውኃ ወደ ገናሌ ይገባል። ገናሌ ከዳዋ ጋር ዶሎ ላይ ሲገናኝ ጁባ ተብሎ ሶማሊያን ያቋርጣል፣ ኪስማዩ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። (ዋቤ ሸበሌም ከነዚሁ ደጋዎች ብዙ ውኃ ይወስዳል፤ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ሳይደርስ አሸዋና ረግረግ ውስጥ ይቀራል።) ያን ውኃ ከሰነቴ እስከ ባሕር ያወረደው የመሬት ስበት ነው። ባሕሩ ዳር ሲደርስ ግን ሌላ ሳቢ ይቀበለዋል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላ ወደ ዳርቻው ይወጣል፣ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። ይህን የምታደርገው በዋነኛነት ጨረቃ ናት፤ ፀሐይም ታግዛታለች። ጨረቃ በቅርቧ ያለውን ባሕር ከመሬት መካከል ይበልጥ ትስበዋለች፣ በጀርባ በኩል ያለውን ደግሞ ከመካከሉ ያነሰ ትስበዋለች። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ውኃው ያብጣል። በባልዲ ውኃ ላይ ይህ አይታይም። የባልዲው ሁለት ዳር ከጨረቃ ያለው ርቀት ልዩነት የለውማ። ውቅያኖስ የሚያህል ስፋት ያስፈልጋል።

ከዚህም የራቀ አለ። አንድ ማሳ ታርሶ ጠዋት ብናይና ፈሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ወደ ጎን ቢጎብጥ ምን እንላለን? «በሬውን የጎረቤት እሸት ስቦታል» እንላለን። በሬውንም እሸቱንም ሳናይ፣ ከፈሩ መጉበጥ ብቻ። ኡራኑስ የሚባል ፕላኔት በ1781 ከተገኘ በኋላ መንገዱን የሚከታተሉ ሰዎች ፈሩ እንደጎበጠ አዩ። ከሚታወቁት ፕላኔቶች ስበት ጋር ሒሳቡ አልገጥም አለ። ለቬሪዬ የተባለ ፈረንሳዊ ከኡራኑስ ወዲያ የሚስበው የማይታይ ነገር አለ ብሎ፣ ያ ነገር ሰማዩ ላይ የት መሆን እንዳለበት በወረቀት አሰላ። ደብዳቤው በርሊን ደረሰ። መስከረም 23 ቀን 1846 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ደብዳቤው በደረሰበት በዚያው ሌሊት ጋሌ የተባለው ተመራማሪ መነጽሩን ወደዚያ ቢያዞር፣ ከተባለው ቦታ ብዙም ሳይርቅ አዲስ ፕላኔት አገኘ። ኔፕቱን ነው። ከፀሐይ አራት ቢሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ እዚያም ሆኖ የፀሐይ ስበት ይዞት ይዞራል።

ይህ ሁሉ ለገበሬ ምን ያደርግለታል የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. መካከል በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በባሌ ቆላ የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው በቀሩ ጊዜ ከብት ያለቀበት ሰው ብዙ ነው። ሣር መድረቁን ሳተላይት ፎቶግራፍ አንስቶ ያሳያል። ከአፈር በታች ያለውን ውኃ ግን ፎቶግራፍ አያሳየውም። ስበት ግን ያሳያል። ውኃ ክብደት አለው፤ ክብደት ያለው ሁሉ ይስባል። ክረምቱን ጠግቦ የጠጣ ሰፊ አገር ከደረቀው አገር ጥቂት ይበልጥ ይስባል፤ ያ ስበት ደግሞ እንዳልነው እስከ ሰማይ ይደርሳል።

አሜሪካና ጀርመን በዚህ ተጠቅመው በ2002 በአውሮፓ አቆጣጠር ግሬስ የሚባሉ ሁለት ሳተላይቶችን ላኩ። አንዷ ሌላዋን 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትከተላለች። የፊተኛዋ ውኃ ወደ ሞላበት አገር ስትቀርብ መሬቱ ወደፊት ይስባታል፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም በጥቂቱ ይሰፋል። ያ ልዩነት ከፀጉር ውፍረት ቢያንስም ይለካል። ከልዩነቱ ተነስተው የዚያ አገር ውኃ ካለፈው ወር ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለውን ያሰላሉ። ሁለቱ እስከ 2017 ሠሩ፤ በ2018 ተተኪዎቻቸው ተላኩ። ክረምት ላይ የኢትዮጵያ ደጋ ውኃ ሲጠጣ፣ በጋ ላይ ሲያልበው፣ በእነዚህ መሣሪያዎች ታይቷል።

ለአንድ ቀበሌ ጉድጓድ የት ይቆፈር የሚለውን ግን አይነግሩም። የሚያዩት በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚሰፋ አገርን በጅምላ ነው። ለጉድጓዱ አሁንም መሬት ላይ የሚመረምር ባለሙያና መቆፈሪያ ያስፈልጋል።